ሰባተኛዋ ጥያቄ

እኔ ሰውን በጥያቄ ወረቀት ለማወቅ የተማርኩ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው። ከመካነ ሰላም ተነሥቼ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የሥነ ልቦና ትምህርት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። አባቴ ለጠየቀው ሁሉ «የሰው ልብ የሚታይበት ትምህርት ነው» ብሎ ያስረዳ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን የልብ ሐኪም እንደምሆን አምነው፣ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ደረታቸውን እንዳዳምጥላቸው ይጠይቁኝ ነበር። አንድ ጊዜ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩላቸው። ደህና ነበሩ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ልብ የሚታየው በወረቀት ነበር። ምርምር የሚሠራ መምህር ሁሉ ወደ ክፍላችን ይመጣል፤ መጠይቅ ያድላል፤ እኛ ሞልተን እንመልሳለን፤ ለዚያም ማርክ ይያዝልናል። ለምን እኛ እንደተመረጥን የጠየቀ አልነበረም። ቅርብ ነን፤ ማንበብ እንችላለን፤ እምቢ አንልም። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ደስታዬ፣ ስለ ፍርሃቴ፣ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ትዳሬ ሳይቀር ተጠይቄያለሁ። ትዳር አልነበረኝም፤ ግን ሞላሁ።

መጽሐፎቻችን ውስጥ ደግሞ «ሰው» የሚባል አንድ ፍጡር ነበር። ሰው እንዲህ ይፈራል፣ ሰው እንዲህ ይመርጣል፣ ሰው ሲያዝን እንዲህ ይላል። ይህ ሰው የራሱ ክፍል አለው፤ ምሳውን ብቻውን ይበላል፤ ከአባቱ ጋር ሲጣላ በሩን ወርውሮ ይወጣል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም። መጽሐፍ ነውና ጉድለቱ የእኔ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ምርምሮቹ በአብዛኛው ሩቅ አገር ያሉ ተማሪዎችን እየጠየቁ የተሠሩ መሆናቸውን የሚናገር አንቀጽ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር። ለፈተና ስለማይመጣ አላነበብኩትም።

ከሞላኋቸው ወረቀቶች አንዱን ግን አልረሳውም። ከፈረንጅ ቋንቋ የተተረጎመ የሐዘንና የጭንቀት መለኪያ ነበር። ሰባተኛው ጥያቄ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሰማያዊ ስሜት ተሰምቶዎታል?» ይላል። ፈረንጆቹ ሐዘንንና ሰማያዊ ቀለምን በአንድ ቃል እንደሚጠሩ ያወቅነው በኋላ ነው። ወሩ ረመዳን ነበር። እኔ ሰማያዊ ማለት ከሰማይ የሚመጣ ማለት ነው ብዬ «ሁልጊዜ» የሚለውን አከበብኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው የቄስ ልጅ «ብዙ ጊዜ» የሚለውን አከበበች፤ ሁልጊዜ ማለት ትዕቢት ይሆንብኛል ብላ ነው። መምህሩ ሲደምሩት የክፍሉ ጿሚና ጸሎተኛ ሁሉ በጽኑ ተጨንቆ ተገኘ። በጣም ተሳቀ፤ ጥያቄዋ ተሰረዘች፤ የቀረው ግን ደህና ነው ተባለ። የቀረውን እኔ እንዴት እንደሞላሁት የጠየቀኝ የለም። በረመዳን ለማይጾሙት የምሳ ሰልፍ ሲጀመር ለእኛ ለጿሚዎቹ ደግሞ የማፍጠሪያ ካርድ በዚያው ሰዓት ይታደል ነበር። ካርዱ እንዳያልቅብኝ ብዬ የመጨረሻውን ገጽ ሳላነብ «በፍጹም፣ በፍጹም፣ በፍጹም» እያልኩ ቁልቁል አክብቤው ሮጥኩ።

የተማርኩት በታላቅ እህቴ ጉልበት ነው። እሷ ዐረብ አገር ስትሄድ እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ የአውቶቡስ መሳፈሪያዬም ከእሷ ክንድ የወጣ ነው። ይህን በቤታችን የማይናገር ሰው የለም፣ ከእሷ ከራሷ በቀር። ከዓመታት በኋላ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በተመለሰበት ወቅት እሷም ተመለሰች። እኔ ያን ጊዜ ተመርቄ ወረዳው ውስጥ ተቀጥሬ ነበር።

መጀመሪያ የሆነው አልገባንም። አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች፤ ሻንጣውን አልከፈተችውም። ሰው ወደ ቤት ሲገባ ብድግ ትላለች፤ ተቀመጪ ካልተባለች አትቀመጥም። እኛ ዘንድ ለታላቅ ብድግ ማለት የጨዋ ልጅ ወግ ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ወደዳት። «ማሻአላህ፣ ሌላው እዚያ ሄዶ አደቡን ጥሎ ይመጣል፣ ይቺ ጨምራ መጣች» ይሏት ነበር። እናቴም ኮራች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ለትንሹም ብድግ እንደምትል አየሁ። የጎረቤት ሕፃን ዳዴ እያለ ሲገባ ቆመች። ስልክ ሲጮኽ ቆመች። የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ሲሰማ ቆመች። የቆመችበትን ረስታው እጇን አጣምራ እንደ ቆመች ትቀራለች፤ አንዳችን «ተቀመጪ» እስክንላት ድረስ።

ደሴ ወስደን ልናሳክማት ሞከርን። ሚኒባሱ በር ላይ ስንደርስ ብረቱን ያዘች። ረዳቱ፣ እኔና እናቴ ሆነን ጣቶቿን ከብረቱ ማላቀቅ አቃተን። «መኪና ወጣሁ ማለት ሄድኩ ማለት ነው» አለች። በዚያ ሳምንት የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ መኪና አላነሣንም።

ከተመለሰች ስምንት ወር ሲሆናት ከአዲስ አበባ የጥናት ቡድን መጣ። መካነ ሰላም ባለችበት በቦረና፣ በወግዲና በለጋምቦ ወረዳዎች ከዐረብ አገር የተመለሱ ሰዎች የአእምሮ ጤና እንዴት እንደሆነ ይጠየቃል፤ ከዚያም ችግሩ በርትቶ በተገኘበት ወረዳ አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ ትመደባለች። አንዲት ብቻ። ሰው ሁሉ ነርሷ የለጋምቦዋ ከተማ አቀስታ ትመደባለች ብሎ ይገምት ነበር፤ አቀስታ በደሴ መንገድ ላይ ናትና። ለሌላው ሰው ከደሴ ይልቅ አቀስታ ይቀርባል። ለእኛ ግን ያው ነው፣ ሁለቱም በመኪና ነው የሚደረስባቸው። ነርሷ መካነ ሰላም ከተመደበች እህቴ በእግሯ ሄዳ ትታከማለች፤ ካልተመደበች እንደ ቆመች ትቀራለች። ነገሩ ለእኔ ይህን ያህል ግልጽ ነበር።

ስለዚህ ጠያቂ ለመሆን ከሁሉ ቀድሜ ተመዘገብኩ። ተቀበሉኝም። ቡድኑን የሚመሩት አንድ ረጋ ያሉ ዶክተር ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ እስክሪብቷቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው መልሰው እሷኑ የሚፈልጉ። የሥልጠናው ዕለት ወረቀቱን አደሉን። የሐዘንና የጭንቀት መለኪያ ነው። ገለጥ ገለጥ ሳደርገው ቁጥሩ ከስድስት ወደ ስምንት ይዘላል። በመካከሉ አንድ ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። የማተሚያ ስህተት መሰለኝና አለፍኩት። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ቤታችን ሄደን በአንድ ሰው ላይ እንድንለማመድ ታዘዝን።

እኔ እህቴ ላይ ተለማመድኩ። ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው ሳላጎድል እንድጠይቅ ተነግሮኝ ስለነበር «ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንዴት ሰነበቱ?» ብዬ ጀመርኩ።

«እኔን ነው አንቱ የምትይኝ?» አለችና ፈገግ አለች።

በስምንት ወር ውስጥ ፈገግ ስትል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፈገግታ የሚጻፍበት ቦታ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ቀጠልኩ።

«የሐዘን ስሜት ተሰምቶዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«በፍጹም ልበል?»

«አልሐምዱሊላህ በይ።»

አልሐምዱሊላህ የሚል ክብ የለም። «በፍጹም» የሚለውን አከበብኩ። ተስፋ ስለ መቁረጥ ጠየቅኳት፤ ከአላህ ተስፋ አይቆረጥም አለችኝ። በፍጹም። ስለ ብቸኝነት ጠየቅኳት፤ ብቻውን ያለ አላህ ነው አለችኝ። በፍጹም። በዚህ ዓይነት ወረቀቱን ጨረስን። ድምሩ ዜሮ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ዶክተሩ የተለማመድንባቸውን ወረቀቶች ሲያዩ የእኔን አንሥተው ለሁሉም አሳዩ። «እንዲህ ነው ንጹሕ አሞላል፤ አንድም የተዘለለ የለም። ተጠያቂዋም በጣም ጥሩ ሁኔታ ላይ ናት» አሉ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔም በመመስገኔ ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምናገረው፤ በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ነው ዜሮ ያገኘችው እህቴ መሆኗን ያሰብኩት።

ሥራው የተጀመረው በከተማው አዳራሽ ነው። ቀበሌው ከስደት ተመላሾችን መዝግቦ ነበርና በዝርዝሩ መሠረት ተጠሩ። ለብሰው፣ ተኳኩለው፣ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ከአጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ተቀምጦ ይጠይቃል፤ ቀልደኛ ነው፣ ድምፁ ደግሞ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስለዋል። እኔ ፊት የተቀመጠችውን ሴትዮ ስለ ተስፋ መቁረጥ ስጠይቃት ቱግ አለችብኝ።

«አዑዙ ቢላሂ። ምኔን አይተሽ ነው አንቺ ልጅ? ተስፋ የሚቆርጥ ከሐዲ ነው።»

«እኔ አይደለሁም፣ ወረቀቱ ነው እንዲህ የሚለው።»

«ወረቀቱን ማን ወለደው ታዲያ?»

ወደሚቀጥለው ጥያቄ ገለጥኩ። ስለ ደረጃ መውጣት ደግሞ ጠየቅኳት፤ ሰውነት ይደክም እንደሆነ ለማወቅ ነው። የምን ደረጃ አለች። በከተማችን ያን ጊዜ ደረጃ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። ደረጃ ስትወጣ ደክሟት አያውቅም፣ ደረጃ ወጥታ አታውቅምና። ዜሮ አከበብኩ።

በሁለተኛው ቀን የምሳ እረፍት መምህሩ ወረቀቶቹን እያገላበጠ «እኔ ዘንድ ሁሉም ተመስገን ነው፤ አንቺ ዘንድ ሁሉም አልሐምዱሊላህ ነው» አለኝ። «አንዷማ አንገቷ ላይ ማተብ አስራ አልሐምዱሊላህ አለችኝ። እንዲህ ከሆነ በዚህ ወረዳ የታመመ ሰው የለም። ነርሷን ለአቀስታ ሰጥተን መግባት ነው።»

እሱ ቀልዱን ነው። እኔ ግን ወረቀቶቼን አስቀመጥኩ። አዳራሹን ዞር ብዬ አየሁት። በቀበሌ የተመዘገቡት የመሥሪያ ቦታ ለማግኘት ነው። ስለዚህ ፊታችን የተቀመጡት ከቤት መውጣት፣ መሰለፍ፣ መፈረም፣ ከሊቀ መንበሩ ጋር መከራከር የቻሉት ብቻ ናቸው። ወደ አዳራሽ መምጣት ያልቻለውን ሰው አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብለን እየፈለግነው ነበር። እህቴ እንኳ መዝገቡ ላይ የለችም። እኔ፣ የሰው ልብ የሚታይበት ትምህርት የተማርኩት፣ ይህን ለማየት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ምሳ ልበላ ቤት ሄድኩ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ብድግ አለች። እናቴ ከጓዳ ሆና እንደ ወትሮዋ «ተቀመጪ እናቴ፣ ተቀመጪ» አለቻትና ለእኔ ዝቅ ባለ ድምፅ «አካሏ ነው እንጂ የመጣው፣ ቀልቧ ገና ነው» አለችኝ።

ይህን ቃል ስምንት ወር ሙሉ ስሰማው ነበር። ቀልቧ ገና ነው፣ ቀልቧን ጥላ ነው የመጣች፣ ቀልቧን አምጣልኝ ያረቢ። በእናቴ አፍ ውስጥ እንዳለ የእናት ወሬ አድርጌ ነበር የምሰማው። እኔ ድብርት፣ ጭንቀት፣ የስሜት መቃወስ የሚሉትን ቃላት ይዤ መጥቻለኋ፤ ቀልብ በየትኛውም መጽሐፌ ላይ አልነበረም። በመማሬ ጆሮዬ ደንቁሮ ኖሯል። እንጀራውን ትቼ እህቴ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ቀልብሽ የት ነው?» አልኳት።

ወደ በሩ አየች። ከዚያ «ኩሽና» አለች።

«የኛ ኩሽና?»

«የሷ። የማዳም። ደወል አላት። አንዴ ስትደውል መድረስ አለብኝ፤ ሁለተኛ መደወል የለባትም።»

«አሁን እኮ እዚህ ነሽ።»

«እኔማ እዚህ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። የጠየቅሽኝ ቀልቤን አይደል?»

እናቴ በጓዳው በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። በስምንት ወር ውስጥ እህቴን ስለ ደወሉ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እሷም ሳትጠየቅ አልተናገረችም። እጇን ይዤ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ይልቅ ወጡ እንዳይቀዘቅዝብኝ ነገረችኝ።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩን አዳራሹ ጓሮ አገኘኋቸው፤ እስክሪብቷቸውን እየፈለጉ ነበር። ጆሯቸው ላይ እንዳለች ነገርኳቸውና በዚያው ገባሁበት፤ ባዶዋ ቦታ የማተሚያ ስህተት እንዳልሆነች በመንገድ ላይ ገብቶኝ ነበር።

«ዶክተር፣ ይህ ወረቀት አማርኛው በማን ላይ ነው የተሞከረው?»

«በተማሪዎች ላይ። ጥሩ ነው የወጣው፣ አስተማማኝ ነው።»

«ሰባተኛው ጥያቄ የት ሄደ?»

«ተሰርዟል። ትርጉሙ ችግር ነበረበት። ምነው?»

«ሰማያዊ ስሜት ሁልጊዜ ይሰማኛል ብላ ያከበበችው ተማሪ እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ መጀመሪያ ትክ ብለው አዩኝ፤ ከዚያ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ወሬው እሳቸውም ዘንድ ደርሶ ኖሯል። እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው።

«የመጨረሻውን ገጽ ደግሞ ሳላነብ ነው የሞላሁት» አልኳቸው። «የማፍጠሪያ ካርድ እንዳያልቅብኝ ስሮጥ። እናንተ ሰው ማለት እንዲህ ነው ብላችሁ የያዛችሁት እኔን ነው። እኔ ደግሞ ርቦኝ ነበር።»

ሳቁ ቆመ። የእህቴን ነገር ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ለሠልጣኞቹ ሁሉ ያሳዩት ንጹሕ ወረቀት የእሷ መሆኑን፣ ደወል በሰማች ቁጥር ብድግ እንደምትል፣ ዜሮውን ያከበብኩት እኔው መሆኔን ነገርኳቸው። ተናድጄ ስለነበር አላቆምኩም። አዳራሽ የመጡት ደህና የሆኑት ናቸው፤ ደህና ያልሆኑት ቤታቸው ናቸው አልኩ። አልሐምዱሊላህ ምስጋና ነው፣ መልስ አይደለም አልኩ። ሰው ለፈጣሪው ያቀረበውን ምስጋና ወስደን የጤና ምስክር ወረቀት አደረግነው አልኩ።

ዶክተሩ አልተቆጡም። ደረጃ በሌለው አዳራሽ ጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አሰቡ። «አንድ ቃል ከቀየርን ከሌላው አገር ጋር ማወዳደር አንችልም» አሉኝ። «ማወዳደር ካልቻልን ደግሞ ሪፖርቱን የሚያነብልን የለም፣ ነርስም የሚመድብ የለም። ይህ የእኔ ግትርነት አይደለም፣ ሥራው እንዲህ ነው።»

«አንድም ቃል አይቀየር» አልኳቸው። «ሰባተኛው ግን ባዶ ነው።»

ወረቀቱን ከእጄ ተቀበሉና በስድስትና በስምንት መካከል ያለችውን አንድ ጣት ቦታ ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«በእጅ ጻፉት» አሉ።

ያን ቀን እኔና መምህሩ በቀረው ወረቀት ሁሉ ላይ በእስክሪብቶ «ቀልብዎ የት ነው?» ብለን ጻፍን። የእሱ ጽሕፈት እንደ ሰሌዳ ጽሕፈት ትልልቅ ስለሆነ ስምንተኛውን እየነካ አስቸገረን። ክብ አላደረግንለትም፤ ሰው ያለውን እንዳለ እንጽፋለን ተባባልን።

የቀረው ማንን እንጠይቅ የሚለው ነበር። የቀበሌውን መዝገብ ትተን የእናቴን ያዝን። እናቴ ለቅሶ የማትቀር፣ ሠርግ የማትቀር፣ የታመመ የማትዘል ሴት ናት። የትኛው ቤት ውስጥ የማን ልጅ በር ተዘግቶላት እንደምትውል፣ የትኛዋን ለጠበል፣ የትኛዋን ለዱአ ወስደው እንደመለሷት ታውቃለች። ዩኒቨርሲቲ ስለ ናሙና አመራረጥ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተምሬያለሁ፤ እንደ እናቴ ያለ የናሙና መዝገብ ግን አላየሁም። ዶክተሩ ከእሷ ጋር ተቀምጠው ሲጽፉ እንደ ተማሪ ነበር የሚያዳምጧት። ስም እንዳይጽፉ አስምላቸው ነው የነገረቻቸው። ቤቶቹን በቁጥር ያዙ። ወግዲና ለጋምቦ የተመደቡት ጠያቂዎችም እንዲሁ እንዲያደርጉ መልእክት ተላከ፤ በሦስቱም ወረዳ አንድ ዓይነት ካልተጠየቀ ማበላለጥ ይሆናልና።

ከዚያ በኋላ በየቤቱ ሄድን። ሌላውን ጥያቄ እንደተጻፈው እንጠይቃለን፤ አልሐምዱሊላህ ይሉናል፤ ተመስገን ይሉናል፤ ዜሮ እናከብባለን። ሰባተኛዋ ላይ ስንደርስ ግን ሰው ይቆማል። «ጅዳ ቀረ» ያለች አለች። «ያሳደግኩት ልጅ ዘንድ ነው፤ የወለድኩትን ሳይሆን እዚያ ያሳደግኩትን ነው የምልሽ፤ አሁን ሰባት ዓመቱ ነው፤ ማን እንደሚያጥበው አላውቅም» ያለች አለች። አንድ ጎልማሳ ለመምህሩ «ባሕሩ ላይ» ብሎት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጥያቄዋ በሽተኛ ብቻ አይደለም የምታገኘው። ገበያው ላይ ጨርቅ የምትሸጥ አንዲት ተመላሽ ቀልቧ የት እንደሆነ ስጠይቃት ቀና ብላ አየችኝና «እዚሁ ነዋ፤ ካልገዛሽ ዘወር በይልኝ፣ ደንበኛ እየከለልሽ ነው» አለችኝ። በደስታ ጻፍኩት። ደህና ነኝ ከሚለው የበለጠ ደህና የሆነ ሰው እንዲህ ነው የሚናገር።

መምህሩ እየቆየ ቀልዱ ቀነሰ። አንድ ቀን ከሰዓት ላይ ከአንድ ቤት ወጥተን በአቧራው መንገድ ስንሄድ «ሃያ ዓመት አስተማርኩ፤ እንዴት አደራችሁ እያልኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እየተባልኩ፤ መልስ የሰጡኝ ይመስለኝ ነበር» አለኝ። እኔም እንደዚያው መሆኔን ነገርኩት።

ቡድኑ ሥራውን ጨርሶ ሄደ። ወራት አለፉ። ዶክተሩ የሪፖርቱን አንድ ቅጂ ላኩልኝ። ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ሠንጠረዥ አለው፤ ከሌላ አገር ጋር ተወዳድሯል። በመካከሉ አንድ ቃል ብቻ በእኛ ፊደል ተጽፏል። ቀልብ። አባቴ ማንበብ የሚችለው ይህችኑ ቃል ስለነበር ገጹን አጥፎ ለእንግዳ ሁሉ ያሳይ ነበር። የልብ ትምህርት ማለት ይህ ነው ይላቸዋል። አልተሳሳተም።

ነርሷም መጣች። መካነ ሰላም ነው የተመደበችው። በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ፣ አቧራ ለብሳ ደረሰች፤ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ቀጭን ልጅ ናት። አቀስታዎችን በልጠናቸው ነው ወይስ ዕድል ነው የሚለውን እስከ ዛሬ ሰዎች ይከራከሩበታል። እኔ አልከራከርም፤ እኔ የሆነውን አውቃለሁ።

እህቴን ጠዋት ይዣት ወጣሁ። በእግራችን ነው፤ ቀልቧን የጠየቅኳት ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ሰባተኛ ሆና እንደተጻፈች በመንገድ ነገርኳት። መኪና መናኸሪያው አጠገብ ስናልፍ ክንዴን አጥብቃ ያዘችኝ፤ ወደ ሌላ መንገድ እንደምንታጠፍ ስታይ ላላች። የነርሷ ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር፤ ጠረጴዛው ላይ ሰባተኛዋ በእጅ የተጻፈባት ያችው ወረቀት አለች። ነርሷ መዝገቧን እየገለጠች ነበርና ቀና ሳትል «ግቡ» አለች። ተቀመጡ ማለቱን ረሳችው። እህቴ እጇን አጣምራ ቆመች። እኔ ተቀመጪ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነርሷ ቀደመችኝ።

«እንዴት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ» አለች እህቴ።

የነርሷ እስክሪብቶ ወደ ወረቀቱ ሲወርድ አየሁት። ያን እስክሪብቶ አውቀዋለሁ፤ በእኔ እጅ ነበር። ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ ቤት ለቤት፣ ተመልሶ እዚያችው ክብ ላይ ሊያርፍ ነው። እጇን ልይዝ ትንሽ ነው የቀረኝ። ግን ይህ የእኔ መልስ አይደለም ብዬ እጄን ሰበሰብኩ።

«እሱን ለአላህ ነው ያልኩት» አለች እህቴ። «አንቺ ደግሞ ሰባተኛዋን ጠይቂኝ።»

ነርሷ ወረቀቱን አየች፣ እህቴን አየች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ቀልብሽ የት ነው?» አለቻት።

እህቴ ወንበሩን ሳብ አደረገችና፣ ማንም ሳይላት ተቀመጠች።